ስካን የተደረገ ሰነድ ማኅተሙ ለምን ይጠቁራል?

በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ስካን ተደርገው ወደ ኮምፒዩተር የሚገቡ ሰነዶች ሐምራዊ ማኅተማቸው ጠቁሮ፣ አልፎ አልፎም ፈጽሞ ጠፍቶ የሚታይበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያው ብልሽት ሳይሆን በቅድሚያ የተመረጠው የቀለም ጥልቀት ነው።

የኮምፒዩተር ምስል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ሲሆን፣ የቀለም ጥልቀት ማለት ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚመደበው የቢት ብዛት ነው። አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር ሊገለጹ የሚችሉት ቀለሞች እጥፍ ይሆናሉ። በ1 ቢት ጥቁርና ነጭ ብቻ፣ በ8 ቢት 256 ይገኛሉ። በ24 ቢት ደግሞ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለእያንዳንዳቸው 8 ቢት ተመድቦ ቁጥሩ 16,777,216 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ የሆነው የአይቢኤም ቪጂኤ 640 በ480 ነጥቦችን ያሳይ የነበረው በ16 ቀለሞች ብቻ ነበር።

ጥልቀቱ ሲጨምር ፋይሉም ይገዝፋል። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ስካን የተደረገ ኤ4 ገጽ 8.7 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ይኖሩታል፤ ይህም ሳይታመቅ በ1 ቢት 1.1 ሜጋባይት፣ በ24 ቢት 26 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ጥቁርና ነጭ የሚመረጠውም በዚሁ የተነሳ ነው። ለተራ ጽሑፍ ይህ በቂ ነው። ማኅተም፣ ቲተርና በሰማያዊ እስክርቢቶ የተጻፈ ፊርማ ላለበት ሰነድ ግን አያዋጣም፤ የዋናው ሰነድ ምስል ከፎቶ ኮፒው ምስል ሊለይ አይችልምና። ፋይሉ በኋላ ወደ 24 ቢት ቢለወጥም የጠፋው ቀለም አይመለስም። ወረቀቱን እንደገና ስካን ማድረግ ግድ ይላል፤ ይህም ወረቀቱ ካልተወገደ ነው።