የቪፒኤን መስመር ሲታወክ ምርመራው ከየት ይጀምራል?

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት የተቀመጠ የሒሳብ ሠራተኛ የወሩን የደመወዝ ዝርዝር ለማዘጋጀት በዋናው መሥሪያ ቤት ካለው ሰርቨር ጋራ መገናኘት አለበት። ይህን ግንኙነት የሚያስገኝለት ቪፒኤን የተባለው መስመር ነው። መስመሩ በታወከ ቀን ደመወዝ ይዘገያል፤ ባለጉዳይም «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። ይህ ቃል ግን በር መዝጊያ ነው እንጂ የበሽታው ስም ስላይደለ፥ ዛሬ ከበስተጀርባው ያለውን ነገር ለማስረዳት እንሞክራለን።

ቪፒኤን ማለት ማንም በሚመላለስበት በኢንተርኔት ላይ የግል መልእክት ተሸፍኖ የሚያልፍበት ዘዴ ነው። አንድ ደብዳቤ በፖስታ ታሽጎ፥ ያም ፖስታ እንደ ገና በሌላ ፖስታ ውስጥ ገብቶ እንደሚላክ አድርገው ቢያስቡት አይሳሳቱም። የውጭውን ፖስታ የሚያሽጉትና የሚከፍቱት በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በር ላይ ያሉት ራውተሮች ወይም ፋየርዎሎች ናቸው። በመሥሪያ ቤቶች መካከል በብዛት የሚሠራበት ዓይነት አይፒሴክ ይባላል፤ የምንናገረውም ስለ እርሱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ሁለቱ በረኞች ተስማምተዋል ወይ የሚለው ነው። የይለፍ ቃላቸው በአንዲት ፊደል ቢለያይ ወይም አንደኛው የመረጠውን የምስጢር አጻጻፍ ሌላው ባይቀበለው ንግግሩ ገና ሳይጀመር ይቋረጣል። ተገልብጦ የገባ የይለፍ ቃል በጫፉ ባዶ ቦታ ተከትሎት እንደ ሆነ ዓይን አያየውም። በመካከል ያለ ፋየርዎል የዩዲፒ ፖርት 500ንና 4500ን ዘግቶ ከሆነ ደግሞ በረኞቹ ከቶ አይደማመጡም። ስለዚህ ሎግ የሚባለውን መዝገብ ከሁለቱም ወገን አምጥቶ ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል።

ማረጋገጫው በሰርተፊኬት ከሆነ የመሣሪያው ቀንና ሰዓት ይታይ። በአገራችን ይህ ነገር የተለየ ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢሞላበት መሣሪያው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቀር፥ ትናንት የተሰጠው ሰርተፊኬት ዘመኑ ገና ያልደረሰ ይመስለዋል።

በረኞቹ ተስማምተው፥ መብራቱም አረንጓዴ ሆኖ፥ ሥራው ግን የማይሠራበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው የላከውንና የተቀበለውን ስለሚቈጥር ቍጥሩን ይመልከቱ። የተላከው እያደገ የተቀበለው ዜሮ ከሆነ፥ ብዙ ጊዜ መልእክቱ ደርሶ መልሱ መንገድ አጥቷል፤ ይኸውም በሰርቨሩ ወገን ያለው ራውተር የቅርንጫፉ አድራሻ በየት በኩል እንደ ሆነ አልተነገረውም ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ለግል ኔትወርክ ከተለዩት አድራሻዎች መካከል በ192.168 የሚጀምሩት ይገኛሉ። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አንዱን አድራሻ፥ ለምሳሌ 192.168.1ን፥ ይዘው ከተገኙ፥ ኮምፒዩተሩ ሩቅ ያለውን ሰርቨር በገዛ ቤቱ ሲፈልግ ይውላል። መድኃኒቱ የአንደኛውን ቤት አድራሻ መለወጥ ነው፤ አድካሚ ቢሆንም ከማናቸውም ብልሃት ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪው ግን ትንሹ አልፎ ትልቁ የሚቀርበት ሕመም ነው። ፒንግ ይመልሳል፤ የመግቢያው ገጽ ይከፈታል፤ የደመወዙ ዝርዝር ሲጠራ ግን ሁሉ ነገር ባለበት ይቆማል። ኤተርኔት በሚባለው የቢሮ መስመር አንድ ፓኬት እስከ 1500 ባይት ይይዛል። የቪፒኤኑ ፖስታ ሲጨመርበት ከልኩ ያልፍና በመንገዱ ላይ ያለው ራውተር ይጥለዋል። ራውተሩ በሕጉ መሠረት «በዝቷል፥ አሳንሰህ ላክ» የሚል መልእክት በአይሲኤምፒ መመለስ ነበረበት። ነገር ግን አንድ ጥንቁቅ ነኝ ባይ አይሲኤምፒን በሙሉ ዘግቶ ከሆነ ይህ መልእክት ስለማይደርስ፥ ላኪው ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል። ባለሙያዎች ይህን «ጥቁር ጉድጓድ» ይሉታል።

ለመፈተን ከቅርንጫፉ ኮምፒዩተር ወደ ሰርቨሩ «እንዳይቈረጥ» ከሚለው ትእዛዝ ጋራ የ1472 ባይት ፒንግ ይላኩ፤ የራስጌው 28 ባይት ሲታከልበት 1500 ይሆናል። ካላለፈ እየቀነሱ ይሞክሩ። 1372 አልፎ 1373 ከቀረ የመንገዱ ልክ 1400 ነው። እንግዲያው በራውተሩ ላይ ኤምኤስኤስ የተባለውን የቲሲፒ ወሰን ከልኩ 40 ቀንሶ 1360 ማድረግ ነው።

መስመሩ በተወሰነ ሰዓት ልክ እየቈጠረ የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ የሚታደስበትን ጊዜ ይመርምሩ። በመጀመሪያ ያልታየ የስምምነት ጕድለት በእድሳቱ ጊዜ ይገለጣልና።

አንዳንድ ሰዎች ሲቸግራቸው ፋየርዎሉን በሙሉ ከፍተው ይሞክራሉ። ይህ ሰርቨሩን ለሌባ ማስረከብ ስለ ሆነ አይደረግም፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ፥ ውጤቱን ጽፎ፥ ካልረዳ ወደ ነበረበት መልሶ ወደ ሚቀጥለው መሄድ ነው። ለባለሙያ ስልክ የሚደውሉ ከሆነም መስመሩ የታወከበትን ሰዓት፥ ከየትኛው አድራሻ ወደ የትኛው እንደ ሞከሩ፥ ያለፈውንም የፓኬት ልክ አስቀድመው ጽፈው ይያዙ።