ሙኒን፤ 6 ኪሎ የምትመዝነው ሰው ሠራሽ ጨረቃ

አንባቢ ሆይ፤ ተልኮ የቀረን ሰው «የቁራ መልክተኛ» እንለዋለን። ዛሬ የምናጫውትዎ በቁራ ስም ተጠርታ ወደ ሰማይ ስለ ተላከች አንዲት ትንሽ ሳተላይት ነው።

በስዊድን አገር ሰሜን ኪሩና የምትባል ከተማ አለች። በዚያ በብርዱ ወራት ሌሊት ሰማዩ አረንጓዴ፥ አንዳንድ ጊዜም ቀይ ብርሃን ለብሶ እንደ መጋረጃ ሲወዛወዝ ይታያል። ይህ አውሮራ የሚባለው ነው፤ በደቡብ ዋልታ በኩልም መሰሉ አለ። ኤሌክትሪክ ያዘሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች በፀሐይ ነፋስ ኃይል ተገፍተው፥ የምድራችንን የማግኔት መስመር ተከትለው በዋልታዎቹ አጠገብ ይወርዳሉ። ከመሬት 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ካለው ስስ አየር ጋራ ሲጋጩ አየሩ ያበራል።

ነገሩ ለዓይን ማማር ብቻ አይምሰልዎ። አውሮራ የሚበራበት ከፍታ አዮኖስፌር ይባላል፤ የአጭር ሞገድ ሬዲዮን እንደ መስተዋት እየመለሰ ከአገር ወደ አገር የሚያደርሰው እርሱ ነው። እርሱ ሲታወክ ሬዲዮ ይታወካል። መጋቢት 4 ቀን 1981 ዓ.ም. ከፀሐይ የተነሣ የማግኔት ማዕበል በካናዳ የኬቤክን መብራት አጥፍቶ፥ 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ 9 ሰዓት በጨለማ አስቀምጧል።

እንግዲህ ምክንያቱን ለመመርመር ከላይ ሆኖ መለካት ያስፈልጋል። በኪሩና የሚገኘው የስዊድን የኅዋ ፊዚክስ ተቋም ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋራ ሆኖ ሙኒንን ሠራ። ቁመቷም ወርዷም 21 ሴንቲ ሜትር ያህል፥ ክብደቷ 6 ኪሎ ብቻ ነበር! በክንድዎ ታቅፈው በተሸከሟት ነበር። በውስጧ ግን ኤሌክትሮንና አዮን የሚቆጥር መሣሪያ፥ አውሮራን የሚያነሣም ካሜራ ተገጥሞባታል። ሐሳቡ በሁለቱም ዋልታዎች በኩል እያለፈች የአውሮራን ሁኔታ እንድታስታውቅ ነው። ኅዳር 12 ቀን 1993 ዓ.ም. ከካሊፎርኒያ ተነሣች፤ የራስዋ ሮኬት ስላልነበራት የተሳፈረችው ለትልልቆች ሳተላይቶች በተዘጋጀው ላይ ተደርባ ነው።

የካቲት 5 ቀን 1993 ዓ.ም. ድምፅዋ ጠፋ። ዕድሜዋ 3 ወር እንኳ አልሞላም።

በጥንቱ የስካንዲናቪያ ተረት ኦዲን የሚባለው አምላክ ሁለት ቁራዎች ነበሩት፤ በየቀኑ ዓለምን ዞረው ወሬ ያመጡለታል። አንደኛው ሁጊን፥ ሁለተኛው ሙኒን ይባላል፤ ሙኒን ማለት ማስታወስ ነው። ኦዲን ሁለቱም እንዳይቀሩበት ይሠጋል፤ አብልጦ የሚሠጋው ግን ለሙኒን ነው ይባላል። ስም አውጪዎቹ ይህን ሳያውቁ አልቀሩም።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ይችን ቁራ እንደ ቀረችው መልክተኛ አይቍጠሩብን። በነዚያ ጥቂት ሳምንታት ወሬዋን ከሰማይ ልካለች። ገና በትምህርት ላይ የነበሩ ወጣቶችም የእጃቸው ሥራ ከምድር በላይ ሲዞር፥ ሲናገርም ሰምተዋል።