ተቦክቶ የሚመጣ አርማታ

በርሜሉን እያሽከረከረ በአዲስ አበባ መንገድ የሚያዘግመውን ከባድ መኪና ሁላችንም አይተነዋል። የተሸከመው ሲሚንቶ፥ አሸዋ፥ ጠጠርና ውሃ በማቡኪያው ጣቢያ ተመዝኖ የተደባለቀ አርማታ ነው። ለሰፊ ሶሌታና ለድልድይ ከባሬላ ይልቅ እርሱ የሚመረጠው መጠኑ ስለማይዛባና ሥራው ሳይቋረጥ ስለሚፈስ ነው።

ዳሩ ግን አርማታ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ሲሚንቶው ከውሃው ጋር በኬሚካል ሲዋሐድ ነው፤ ይህም ገና በመንገድ ሳለ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ በ90 ደቂቃ ውስጥ ይፍሰስ የሚባለው ስለዚህ ነው። (የመገናኛን መጨናነቅ የሚያውቅ ይፍረድ!) መኪናው ሲዘገይ አርማታው ይወፍራል፤ ያን ጊዜ አንዱ የውሃ ጎማ ይዞ ይመጣል። እኛ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን፤ ትርፉ ውሃ ኋላ ሲተን ረቂቅ ቀዳዳ ይተዋልና ጥንካሬው ይቀንሳል። መንገዱ ሩቅ ከሆነ አስቀድሞ መጠንከሩን የሚያዘገይ ቅመም በልክ ይጨመርበታል። ጉዳቱ በዓይን አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ናሙናው በ28ኛው ቀን ተጨፍልቆ ሲፈተን ይገለጣል፤ እስከዚያ ግን በላዩ ሌላ ፎቅ ቆሞበት ይሆናል።