መኪናችሁ ውስጥ ዝናብ ይገባል? ሲልከን ከመለቅለቃችሁ በፊት ይህን አንብቡ

#ክረምት #መኪና #ጥንቃቄ

ጠዋት በሩን ስትከፍቱ የሻጋታ ሽታ ከተቀበላችሁ፣ መስታወቱ ከውስጥ ቶሎ ቶሎ ጭጋግ ከለበሰ ወይም ምንጣፉን ስትረግጡት «ጨቅ» ካለ መኪናችሁ ውሃ እያስገባች ነው።

«ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል» ብሎ መተው ያከስራል። በብዙ አውቶሞቢሎች የኤሌክትሪክ ገመዶች የሚያልፉት ከምንጣፉ ስር ነው። ስሩ ያለው ስፖንጅ አንዴ ውሃ ከጠጣ ለሳምንታት አይደርቅም፤ ላሜራው ሳይታይ ይዝጋል። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ተንከባክቦ ማቆየት ግድ ሆኗል፤ በተለይ በመኪናዋ እንጀራ ለሚበላ።

በቅደም ተከተል እንየው 👇

1️⃣ በእርግጥ ዝናብ ነው?

ኤሲ ስትከፍቱ ብቻ የሚመጣ ንጹህ ውሃ ከሆነ የኤሲው ማፍሰሻ ቱቦ ተደፍኗል። ቀለም ያለው፣ የሚጣፍጥ ሽታ ያለውና ጣት ላይ የሚያሟልጭ ከሆነ ከሂተሩ የሚያፈስ ኩላንት ነው። ራዲያተራችሁ በተራ ውሃ የተሞላ ከሆነ ቀለሙ አይነግራችሁም፤ ውሃው እየጎደለ እንደሆነ እዩ።

2️⃣ ከየት ሊገባ ይችላል?

👉 የፊት ወለል ከራሰ፦ ከፊት መስታወቱ ስር፣ ዝናብ መጥረጊያው ጋ ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ተደፍኖ ይሆናል። ዛፍ ስር የምታቆሙ በመጀመሪያ እሱን ፈትሹ። መስታወቱ ተቀይሮ በደንብ ካልተጣበቀም ያስገባል።

👉 የበር ስር ከራሰ፦ ዝናብ በር ውስጥ መግባቱ የተለመደ ነው፤ ከታች ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ቀዳዳዎቹ በጭቃ ከተደፈኑ፣ ወይም ስፒከር ሲገጠም ከበሩ ሽፋን ጀርባ ያለው ላስቲክ ተቀዶ ከቀረ ውሃው ወደ ውስጥ ይዞራል።

👉 የኋላ እቃ መጫኛው ከራሰ፦ የኋላ መብራቶቹን ጎማና የኮፈኑን ዙሪያ ጎማ እዩ። ስኮርታ ጎማውን አንሱ፤ ውሃው የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

👉 ጣሪያው ከራሰ፦ የአንቴናው ስር ያለው ጎማ ወይም የሰንሩፉ ማፍሰሻ ቱቦ ነው።

3️⃣ ሙከራው

ውሃ በላሜራው ላይ ተንሸራቶ ስለሚሄድ የታየበት ቦታ የገባበት ላይሆን ይችላል። ምንጣፉን አንሱና አድርቁ። ጓደኛችሁ ውስጥ ገብቶ የስልኩን መብራት ያብራ። እናንተ በጎማ ቱቦ ወይም በጆግ ቀስ አድርጋችሁ ውሃ አፍስሱ፤ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ በአንድ ቦታ ጥቂት ደቂቃ እየቆያችሁ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ስለሚርስ የቱ እንዳስገባ አታውቁም።

የበሩን ጎማ ለመፈተሽ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ በሩን ዝጉና ሳቡት። ያለምንም ችግር ከወጣ ጎማው እዚያ ጋ አልያዘም።

4️⃣ ጥገናው

✅ የተደፈነውን በእጅና በቀጭን ሽቦ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። የሰንሩፍ ቱቦን በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ ከቦታው ሊነቀል ይችላል።
✅ የበር ጎማ ቆሽሾ ከሆነ እጠቡት። ከደረቀና ከተሰነጠቀ ይቀየር።
✅ የተቀደደውን የበር ላስቲክ በወፍራም ፕላስቲክ ተኩና ዙሪያውን ሳይከፈት አጣብቁ።
✅ የፊት መስታወት የሚያስገባ ከሆነ ተነቅሎ እንደገና ይጣበቅ። ከላይ ሲልከን መለቅለቅ ለጊዜው ውሃውን ቢያቆም እንኳ ውስጥ የጀመረውን ዝገት አያቆምም፤ ኋላም ሥራውን ያከብዳል።
✅ ስፖንጁን አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ዝገቱ ተፍቆ ፀረ ዝገት ይቀባ።

⚠️ ወንበር ስር ያሉትን ቢጫ የገመድ መጋጠሚያዎች አትንኩ፤ ብዙውን ጊዜ የኤርባግ ናቸው። ወንበር መንቀል ካስፈለገ ባለሙያ ይሥራው።

5️⃣ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ

ስኮርታውን አንስታችሁ ከስሩ እዩ፣ የምንጣፉን ጠርዝ ገልጣችሁ ዳብሱ፣ የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ጫፉ ላይ የጭቃ ወይም የውሃ ምልክት ካለ መኪናዋ ጎርፍ ገብቶባት ሊሆን ይችላል። በጋ ላይ በሽቶ የታጠነች መኪና ደግሞ ጥርጣሬ ውስጥ ትክተታችሁ።

መኪና ላለው ወይም ሊገዛ ላሰበ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት 🙏