የጀልባዋ ጥያቄ፦ መልሱ ለምን 10 አይሆንም?

ሰሞኑን ኢንቦክሴን የሞላችው ይቺ ጥያቄ ናት። ቡታጅራ 12ኛ ክፍል ሂሳብ ስለማስተምር ተፈታኞች አይለቁኝም፤ እሰየው ነው።

ጀልባ በረጋ ውሃ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ወንዙ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ይፈሳል። 24 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ሄዳ ብትመለስ አማካይ ፍጥነቷ ስንት ነው?

አብዛኛው ሰው «ወንዙ ሲሄዱ የጨመረውን ሲመለሱ ይቀንሳል፣ ይጣፋል፤ 10» ይላል። አይጣፋም።

ቁልቁል፦ 10 + 2 = 12፤ 24 ÷ 12 = 2 ሰዓት
ሽቅብ፦ 10 − 2 = 8፤ 24 ÷ 8 = 3 ሰዓት

48 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት፣ ማለትም 9.6። ወንዙ የሚያግዛት ለ2 ሰዓት፣ የሚይዛት ግን ለ3 ሰዓት ነው። የሁለቱን ፍጥነት ደምሮ ለ2 ማካፈል የሚሠራው ጊዜው እኩል ሲሆን ብቻ ነው።

ተገላቢጦሹ ይቀላል። ጊዜው ተሰጥቶ ፍጥነት ከተጠየቀ፣ የጀልባዋን ፍጥነት ጀ፣ የወንዙን ወ በሉና ጀ + ወ = 12፣ ጀ − ወ = 8 ብላችሁ ደምሩ፤ ወ ይጠፋል፣ ጀ 10 ይሆናል።

«መምህር፣ እኛ ጀልባ የት አይተን?» ላላችሁኝ፦ ዝዋይ ቅርባችን ነው፤ ግን ሐይቅ ስለሆነ ወ-ን ዜሮ አድርጉት። ለዚህ ጥያቄ የሚሆነው ባሮ ነው። ድሮ ክረምት ውሃው ሲሞላ ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ አባይና በሶባት አድርገው ጋምቤላ ድረስ ሽቅብ ይመጡ ነበር፤ ቡናችንን ጭነው ቁልቁል ይመለሱ ነበር።

እስቲ ወንዙ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢፈስ ጀልባዋ ትመለሳለች? ከነምክንያቱ ከታች ጻፉልኝ፤ ሌላ ያስቸገራችሁም ካለ ጠይቁ።