በአፍንጫ የሚሰጥ የከፍተኛ ፍሰት ኦክስጅንና ፊዚክሱ

ሆስፒታል የተኛ ዘመዱን ሊጠይቅ ሄዶ፣ በቀጭን የአፍንጫ ቱቦ ኦክስጅን እየተሰጠው ትንፋሽ የሚያጥረው ሕመምተኛ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ንጹሕ ኦክስጅን ሆኖ ሳለ ለምን አልበቃውም? ይህን ጥያቄ ተማሪዎቻችን ደጋግመው ያነሡልናል። ሐኪሞች ስለ በሽታው የሚሉት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የመልሱ አንድ ትልቅ ክፍል የፍሰት ሒሳብ ነው።

አንድ ጤነኛ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር የሚደርስ አየር ይተነፍሳል። ይህ ግን አማካይ ቍጥር ነው። አየር የሚገባው ወደ ውስጥ በምንስብበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ቅጽበት የሚኖረው ፍሰት በደቂቃ 30 ሊትር ያህል ይሆናል። የሳንባ ምች ያስጨነቀው ሰው ደግሞ 60 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል። ቱቦው የሚያቀርበው 5 ሊትር ብቻ ከሆነ ቀሪው 55 ሊትር የሚመጣው 21 በመቶ ብቻ ኦክስጅን ካለው ከክፍሉ አየር ነው። ስሌቱ (5 + 55 × 0.21) ÷ 60 ሲሆን ውጤቱ 28 በመቶ ገደማ ይሆናል። በዚያው ቱቦ በ30 ሊትር ፍሰት ለሚተነፍስ ሰው ግን 34 በመቶ ይደርሰዋል። በአፍንጫና በጉሮሮ ውስጥ ጥቂት ኦክስጅን ስለሚጠራቀም እውነተኛው ቍጥር ከዚህ በመጠኑ ይለያል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ሕመምተኛው በባሰበት መጠን ከዚያው ቱቦ የሚያገኘው የኦክስጅን ድርሻ ይቀንሳል ማለት ነው።

አሁን ይህን ስሌት ወደ አዲስ አበባ እናምጣው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የከባቢ አየሩ ግፊት ከ760 ወደ 570 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይወርዳል። በመተንፈሻ አካል ውስጥ የሚኖረውን የ47 ሚሊሜትር የውሃ ተን ግፊት ስንቀንስ፣ በባሕር ዳርቻ 150 የነበረው የኦክስጅን ግፊት እዚህ 110 ብቻ ይሆናል። ከላይ ያገኘነው 28 በመቶ አዲስ አበባ ላይ የሚሰጠው 146 ነው። ስለዚህ 5 ሊትር ኦክስጅን የሚሰጠው የተጨነቀ ሕመምተኛ ያገኘው ጥቅም፣ ያለ ምንም ቱቦ ጅቡቲ ወደብ ዳር ተቀምጦ ቢተነፍስ ከሚያገኘው እንኳ አይበልጥም።

መፍትሔው ግልጽ ይመስላል፤ ፍሰቱን ወደ 60 ሊትር ማሳደግ። ይህ ሐሳብ ለአዋቂዎች ዘግይቶ የተስፋፋበት ምክንያት ሙቀትና እርጥበት ናቸው። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተን የጠገበ አንድ ሊትር አየር 44 ሚሊግራም ውሃ ይይዛል፤ ከሲሊንደር የሚወጣ ጋዝ ግን ፍጹም ደረቅ ነው። በተለመደው የውሃ ጠርሙስ ውስጥ አልፎ በ20 ዲግሪ ተን ቢጠግብ እንኳ የሚይዘው 17 ሚሊግራም ገደማ ነው። ለ60 ሊትር ፍሰት በደቂቃ 2.6 ግራም ውሃ ያስፈልጋል፤ በቀን ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ መሆኑ ነው። ያንን ውሃ ለማትነን ብቻ ከ100 ዋት በላይ ኃይል ይጠይቃል። የሰው አካል ዐርፎ ሳለ የሚያመነጨው ጠቅላላ ሙቀት ራሱ ከዚህ አይበልጥም! አፍንጫ ይህን ሸክም ሊሸከም ስለማይችል በማሞቂያና በማርጠቢያ የታገዘ መሣሪያ የግድ አስፈለገ።

ጋዙ ሞቆና ረጥቦ ሲመጣ ሌሎች ጥቅሞችም ይከተላሉ። ፍሰቱ በላይኛው የመተንፈሻ ክፍል የሚቀረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያጥባል፤ በመሆኑም ቀጣዩ ትንፋሽ በአብዛኛው አዲስ ጋዝ ይሆናል። አፍ ሲዘጋ ደግሞ ጥቂት ሴንቲሜትር የውሃ ከፍታ የሚያህል ግፊት ይፈጠራል፤ አፍ ሲከፈት ግን ግፊቱ ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ በፈረንሳይና በቤልጅየም የተካሄደ ጥናት 310 ሕሙማንን በሦስት ምድብ አነጻጽሯል። ወደ ጉሮሮ ቱቦ ማስገባት ያስፈለጋቸው በከፍተኛ ፍሰት 38፣ በተለመደው ኦክስጅን 47፣ በማስክ በሚሰጥ የመተንፈሻ ድጋፍ 50 በመቶ ነበሩ። የጥናቱ ዋና መለኪያ ይህ ሲሆን ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን አጥጋቢ አልነበረም። በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ግን በቅደም ተከተል 12፣ 23 እና 28 በመቶ ሆነው ተገኙ። በእኛ አስተያየት ይህ ውጤት ተስፋ ሰጪ ነው፤ የተአምር ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ግን ስሕተት ይሆናል። መሣሪያው ሕመምተኛውን የተሻለው ስለሚያስመስል፣ የሚያስፈልገው ቬንቲሌተር ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የትንፋሽ ብዛቱን በየጊዜው የሚቈጥር ነርስ ከመሣሪያው እኩል ያስፈልጋል።

የቀረው የአቅርቦት ጉዳይ ነው። 6,800 ሊትር ጋዝ የሚይዝ ትልቅ ሲሊንደር ንጹሕ ኦክስጅን በደቂቃ 60 ሊትር ሲሰጥ ከ113 ደቂቃ በላይ አይቈይም። ድብልቁ ወደ 60 በመቶ ቢወርድ ከሲሊንደሩ የሚወጣው ወደ 30 ሊትር ገደማ ስለሚሆን አራት ሰዓት ላልሞላ ጊዜ ያገለግላል። በዚህ ስሌት አንድ ሕመምተኛ በአንድ ሌሊት ሦስት ያህል ሲሊንደር ይጨርሳል፤ ማሞቂያው ደግሞ መብራት ከጠፋ አይሠራም። ስለዚህ መሣሪያውን የሚገዛ ሆስፒታል የኦክስጅን ማምረቻውንና ጄኔሬተሩን አብሮ ማስላት ይኖርበታል።