ከሠራተኞች ማደሪያ የወጣ ድምፅ
የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም ትረካ

(ድምፅ፦ የወንዶች ኅብረ ዝማሬ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ዝማሬው ዝቅ ሲል ትረካው ይጀምራል።)

ተራኪ፦ ሌዲስሚዝ ብላክ ማምባዞ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ የሚዘፍን የደቡብ አፍሪካ የወንዶች ቡድን ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በደርባን ከተማ ሲመሠረት አባላቱ ቀን ሥራ ውለው ማታ የሚያዜሙ ወንድማማቾች፣ የአጎት ልጆችና ጓደኞች ነበሩ። ከዘፈን የሚያገኙት ደመወዝ አልነበረም። ዛሬ ቡድኑ አምስት የግራሚ ሽልማቶች አሉት፤ ያሳተማቸውም አልበሞች ከ50 ይበልጣሉ። የውጭው አድማጭ ያወቀው በ1986 በመሆኑ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከዚያ ዓመት ሲጀመር ይሰማል። ይህ ግን ቡድኑን መበደል ነው። በ1986 ዓለም የሰማው ድምፅ ከ20 ዓመት በላይ ሲሠራ፣ ሲፈተንና ሲጣራ የኖረ ነበር። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡድኑ የሚዘፍንበት ስልት ኢሲካታሚያ ይባላል። ያዳበሩት የዙሉ ወንዶች ናቸው፤ የጎለመሰው ግን በመንደራቸው ሳይሆን ለሥራ በተሰደዱበት ከተማ ነው። በኪምበርሊ አልማዝ፣ በ1886 ደግሞ ዛሬ ጆሃንስበርግ በምትገኝበት ስፍራ ወርቅ ተገኘ። ማዕድኑ ጉልበት ፈለገ፤ ጉልበቱም በውድ ብቻ አልተገኘም። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የጎጆና የነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ። የ1913ቱ የመሬት ሕግም ከሕዝቡ አብዛኛውን ቁጥር ለያዙት ጥቁሮች ከአገሪቱ መሬት የተወላቸው 7 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ከብት ጠብቆ ያደገው የናታል ገበሬ ልጅ ግብሩን ለመክፈልና ለጥሎሽ የሚሆነውን ለማግኘት ወደ ማዕድን ጉድጓዱ፣ ወደ ደርባን ወደብና ወደ ፋብሪካው ወረደ። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እንዲመጣ አይፈቀድለትም ነበር። ኪሱ ውስጥ የይለፍ ወረቀት ይዞ፣ ወንዶች ብቻ በታጨቁበት ማደሪያ ወራትን ይገፋል።

በእነዚህ ማደሪያዎች ቅዳሜ ማታ ከአንድ ቀዬ የመጡት ተሰባስበው ይዘፍኑ ነበር። የሚዘፍኑት ከብዙ ወገን የተዋጣ ነው። መሪው አውጥቶ ሌሎች የሚቀበሉበት አካሄድና የእግሩ እንቅስቃሴ ከዙሉ የሠርግ ዘፈንና ጭፈራ መጣ፤ አራት ድምፆችን አስማምቶ ማዜም ከሚሲዮን ትምህርት ቤቶች የመዝሙር ክፍል ተገኘ። በ1890ዎቹ ደግሞ ኦርፊየስ ማካዱ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ መዘምራኑን ይዞ በደቡብ አፍሪካ ለዓመታት ተዘዋውሯል። የዚያ ጉብኝት ትዝታ፣ ከአለባበሱና ከመድረክ ሥርዓቱ ጋር፣ በጥቁር ዘፋኞች ዘንድ ረጅም ጊዜ ቆይቷል።

የስልቱን የመጀመሪያ ታላቅ ሸክላ ያስቀረጸው ከምሲንጋ ገጠር የመጣው ሰሎሞን ሊንዳ ነው። ከቡድኑ ኢቭኒንግ በርድስ ጋር በ1939 ለጋሎ የሸክላ ኩባንያ «ምቡቤ»ን ዘፈነ። ሊንዳ የቤዝ፣ ማለትም የወፍራም ድምፅ፣ ዘፋኞችን ቁጥር አብዝቶ ከሥር እንደ ግድግዳ አቆማቸው፤ ራሱ ከላይ በቀጭን ድምፅ ተንሳፈፈ። ሸክላው በአፍሪካ 100,000 ያህል እንደተሸጠ ይነገራል። በኋላም በአሜሪካ ተለውጦ «ዘ ላየን ስሊፕስ ቱናይት» በሚል ስም ዓለምን ዞረ። ሊንዳ ለመብቱ ያገኘው እዚህ ግባ የማይባል ገንዘብ ነበር፤ በ1962 በድህነት ሞተ። ወራሾቹ ካሳ ያገኙት በ2006 በተደረሰ ስምምነት ነው። ይህን ግፍ ሳያነሡ የኢሲካታሚያን ታሪክ መተረክ አይቻልም፤ የሠራተኛው ዘፈን ለሌሎች ሀብት ሲሆን ባለቤቱ ባዶ እጁን ቀርቷልና።

(ድምፅ፦ በእንጨት ወለል ላይ በአንድነት የሚረግጡ እግሮች።)

ተራኪ፦ ስልቱን ያሳደገው ውድድር ነው። ቅዳሜ ማታ በማደሪያ አዳራሽ የሚጀመረው ውድድር ሌሊቱን ዘልቆ እሑድ ጠዋት ያልቃል። ተወዳዳሪዎቹ አንድ ዓይነት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ በሰልፍ ይገባሉ። ለመመዝገቢያ ያዋጡት ገንዘብ ለአሸናፊዎች ይከፋፈላል፤ ሽልማቱ ፍየል የሆነበት ጊዜም ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው የዳኛው ነገር ነው። ዳኛው ለአገሩ ልጅ እንዳያዳላ፣ ማንንም የማያውቅ እንግዳ ሰው ከውጭ ይጠራል፤ አንዳንዴ ዙሉኛ የማይሰማ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ዘፋኞቹ ቃሉን የማይረዳ ሰው ፊት ቆመው በድምፅ መስማማት፣ በእርምጃ አንድነትና በሥርዓት ብቻ ማሸነፍን ለመዱ። ይህ ልምድ ከዓመታት በኋላ በለንደንና በኒው ዮርክ መድረኮች ላይ ምን ያህል እንደጠቀመ ማየት አያዳግትም።

ጆሴፍ ሻባላላ የተወለደው በ1940 በሌዲስሚዝ አካባቢ፣ በነጮች የእርሻ መሬት ላይ ነው። በልጅነቱ ከብት ጠበቀ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ደርባን ወርዶ ፋብሪካ ገባ። በሌሎች ቡድኖች ውስጥ ከዘፈነ በኋላ የራሱን ቡድን አቋቋመ፤ ነገር ግን የሚሰማው ድምፅ አላረካውም። በዚያን ዘመን የብዙ ቡድኖች ጉብዝና የሚለካው በጩኸት ነበር። ሻባላላ እንደተናገረው፣ በ1964 ለወራት ያህል በተደጋጋሚ ሕልም ያይ ነበር፤ በሕልሙ የማያውቀውን ቋንቋ የሚያዜሙ መዘምራን ይሰማል። ድምፃቸው አይጋጭም፣ አይጮኽም፣ አንዱ ሌላውን አይውጥም። ሲነቃ ያንን ድምፅ ለጓደኞቹ ማስተማር ጀመረ።

ማስተማሩ ቀላል አልነበረም። ሥራው ያለ ኖታ፣ በጆሮና በድግግሞሽ የሚካሄድ ነው፤ ጮክ ብሎ ማሸነፍ የለመደ ዘፋኝ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ዜማው ይወርድበታል። ለመላው ቡድን ቃናውን የሚሰጥ መሣሪያ ስለሌለ እያንዳንዱ ሰው የጎረቤቱን ድምፅ እየሰማ ነው የራሱን የሚያቆመው። ስለዚህ ሻባላላ በጊዜ ሂደት ፊቱን ይበልጥ ወደ ዘመዶቹ አዞረ። ወንድሞቹ ሄድማንና ጆኪ፣ በ1969 ደግሞ የአጎት ልጆች የሆኑት አልበርትና አቤድኔጎ ማዚቡኮ ገቡ። አብረው ያደጉ ሰዎች ቃል የሚጥሉበትና ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ አንድ ነው፤ ያለ መሣሪያ በሚዘፈን ዘፈን ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ለቡድኑ የተሰጠው ስም የተሠራው ከሌዲስሚዝ ከተማ፣ ብርቱ ከሚባለው ጥቁር በሬና መጥረቢያ ከሚለው የዙሉኛ ቃል ነው። መጥረቢያው ተፎካካሪን የሚቆርጥ ነው ይባል ነበር፤ በእርግጥም ቆረጠ። ቡድኑ በየውድድሩ እየደጋገመ ስላሸነፈ በመጨረሻ መወዳደር ተከለከለ፤ መጥቶ እንዲዘፍን ግን ይጋበዝ ነበር።

(ድምፅ፦ ቤዞቹ ብቻቸውን፣ በዝግታ።)

ተራኪ፦ በቡድኑ አሠራር መሪው ሀረጉን ብቻውን ያወጣል፤ ከላይ አንድ ሁለት ሰው ቀጭኑን ድምፅ ይይዛል፤ የቀሩት አብዛኞቹ ቤዝ ናቸው። ቤዞቹ ድምፃቸውን አለዝበው ስለሚዘፍኑ ብዛታቸው አያስጨንቅም። የዙሉኛ የምላስ ጠቅታ፣ የከንፈርና የጉሮሮ ድምፅ የከበሮውን ቦታ ይይዛል። እግር ከፍ ብሎ ይወረወራል፤ ሲያርፍ ግን ወለሉን አይመታም። ይህ ለስላሳ እርምጃ የማደሪያ ጠባቂዎችን እንዳይቀሰቅሱ ከመጠንቀቅ የመጣ ነው የሚል ትረካ በዘፋኞቹ ዘንድ አለ።

ከአዳራሹ ወደ ሕዝቡ ያሻገራቸው ሬዲዮ ነው። የአፓርታይድ መንግሥት በ1960 ራዲዮ ባንቱ የተባለውን፣ በየቋንቋው የተከፋፈለ የጥቁሮች ሥርጭት አቋቁሞ ነበር። ዓላማው ሕዝቡን በየጎሣው መለየት ቢሆንም፣ የዙሉኛው ሥርጭት ለማደሪያ ዘፋኞች ያልታሰበ በር ከፈተ። የማምባዞ ለዘብ ያለ ድምፅ ለማይክሮፎን የተመቸ ነበር፤ በአዳራሽ ውስጥ የሚያስተጋባ ጩኸት በትንሽ ሬዲዮ ይሰባበራል፣ ዝቅ ያለው ኅብር ግን ሳይጎድል ይደርሳል። በ1970 የተላለፈ ዝግጅት የጋሎን ትኩረት ሳበ። በአዘጋጅ ዌስት ንኮሲ መሪነት የተቀረጸው የመጀመሪያ አልበማቸው «አማቡቶ» በ1973 ወጣ፤ ከ25,000 በላይ ተሸጦም በአገሪቱ የወርቅ ደረጃ ያገኘ የመጀመሪያው የጥቁር ሙዚቀኞች አልበም ሆነ። አባላቱም የቀን ሥራቸውን እየተዉ በዘፈን ብቻ መተዳደር ቻሉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሻባላላ ክርስትናን አጥብቆ ያዘ፤ ከዚያ በኋላ መንፈሳዊ መዝሙር የቡድኑ ሥራ ትልቅ አካል ሆነ።

አሜሪካዊው ዘፋኝ ፖል ሳይመን በ1985 ወደ ጆሃንስበርግ ሲመጣ ከሻባላላ ጋር ተገናኘ። «ሆምለስ» የተባለውን ዘፈን በጋራ ደርሰው ለንደን በሚገኘው አቢ ሮድ ስቱዲዮ ቀረጹት። በ1986 የወጣው «ግሬስላንድ» አልበም በሚሊዮኖች ተሸጠ። ክርክርም አስነሣ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1980 ከደቡብ አፍሪካ ጋር የባህል ግንኙነት እንዲቋረጥ ጠይቆ ስለነበር፣ ሳይመን ዕቀባውን ጥሷል ተብሎ ተወቀሰ። ወቀሳው መሠረት ነበረው፤ በሌላ በኩል ግን ሚርያም ማኬባና ሂው ማሴኬላ፣ ሁለቱም ከደቡብ አፍሪካ የተሰደዱ ሙዚቀኞች፣ በ1987ቱ የአልበሙ የኮንሰርት ጉዞ አብረው ዘፍነዋል። ሳይመን በዚያው ዓመት ያዘጋጀላቸው «ሻካ ዙሉ» አልበም በ1988 የመጀመሪያውን ግራሚ አስገኘ። በ2005፣ በ2009፣ በ2013 እና በ2018 አራት ተጨመሩ።

ክብሩ ከአገሩ ዓመፅ አላዳናቸውም። ሄድማን ሻባላላ በዲሴምበር 1991 በአንድ ነጭ የጥበቃ ሠራተኛ ጥይት ተገደለ። በ2002 ደግሞ የጆሴፍ ባለቤት ኔሊ ተገደሉ። በሁለቱ ሐዘኖች መካከል ቡድኑ ኔልሰን ማንዴላ በ1993 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ሲቀበሉ ኦስሎ ተገኝቶ ዘፈነ፤ በ1994ቱ በዓለ ሲመታቸውም ተጋበዘ።

የአባላት መተካካት የተፈታው ቡድኑ በተመሠረተበት መንገድ ነው። የሞቱትንና ከመድረክ የተሰናበቱትን የሚተኩት በአብዛኛው ቤቱ ውስጥ ዜማውን እየሰሙ ያደጉ ልጆች ሆኑ። ጆሴፍ ሻባላላ በ2014 ከመድረክ ሲሰናበቱ መሪነቱ ለልጆቻቸው ተላለፈ። መሥራቹ በፌብሩዋሪ 2020፣ በ79 ዓመታቸው አረፉ፤ የቀብር ሥነ ሥርዓታቸውም በሌዲስሚዝ ተፈጸመ። በደርባንና በጆሃንስበርግ ማደሪያዎችም ሌሎች ቡድኖች ቅዳሜ ማታ መወዳደራቸውን አላቆሙም።

(ድምፅ፦ ሙሉው ቡድን፤ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው።)